የወንዙ ልጅ ሳልሆን ስለ ወንዙ መጻፍ እችላለሁ?

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

አሁን ወደምኖርበት ሰፈር ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ከቤቴ ጥቂት ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ ወንዝ ያልፋል። ላለፉት ሦስት ዓመታት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ወንዙ ወርጄ ግማሽ ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። እዚያ የሚሰማኝን ነገር በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም፤ ጸሎትም ይመስለኛል፣ ዝም ብሎ ማረፍም ይመስለኛል። ከዚያ ስሜት ተነሥቼ አርባ ገጽ ያህል ጽፌአለሁ። ለምሳሌ እንዲህ የሚል አለበት፦ «የወንዙ ምስጢራዊ ጸጥታ ነፍሴን ወደ ዘላለማዊው ጥልቅ ይስባታል፤ ተፈጥሮም በማይሰማ ቋንቋ ታነጋግረኛለች።»

ሦስት ነገሮች አስጨንቀውኛል። አንደኛ፣ ጽሑፉን ያነበበች ጓደኛዬ «ያምራል፤ ግን አንብቤ ስጨርስ ወንዙን አላየሁትም» አለችኝ። ሁለተኛ፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ አንዲት ጎረቤቴ እንደምጽፍ ሰምተው «የወንዙ ልጅ ሳትሆኚ ስለ ወንዙ ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?» አሉኝ፤ መልስ አጣሁ። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደኝ ደግሞ፣ ደብተር ይዤ መውረድ ከጀመርኩ ወዲህ ያ ስሜት ጨርሶ ሸሽቶኛል። መጻፍ የምወደውን ነገር እያጠፋብኝ ይሆን?

የወንዝ ዳር ጎረቤት

ከጥያቄዬ ጋር ባይያያዝም ይህን ልጨምር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። በመሻገሪያው አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቆመው ውሃውን ያያሉ፤ ከመሻገሪያው ድንጋዮች አንዱ ከቦታው ተንሸራቶ ከሆነ ጎንበስ ብለው ይመልሱታል። አንድ ቀን ሰላም ስላቸው «ዛሬ ሌሊት ወንዙ አልተኛም» ብለውኝ ሄዱ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። በወንዙ ጠምዘዝ ላይ የሚከማቸውን ላስቲክም ውበቱን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ከጽሑፌ ትቼዋለሁ።

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ ያነበብኩት ከታች ጀምሬ ነው፤ ምክንያቱም ይቅርታ እየጠየቁ ከፊርማዎ በታች ያሰፈሯቸው ጥቂት መስመሮች ከላይ ካለው ሁሉ ይልቅ ወንዙን አሳይተውኛል። ጠፍጣፋውን ድንጋይ አየሁት። ሽማግሌው ጎንበስ ሲሉ አየሁ። «ዛሬ ሌሊት ወንዙ አልተኛም» የሚለውን ሳነብም፣ እርስዎ በአርባ ገጽ ሊነግሩን የደከሙበት ነገር በአራት ቃላት ሲነገር ሰማሁ። ወደ እነዚያ መስመሮች እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን በላኩልኝ ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ።

ዓረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም። እንደተሰማዎት አምናለሁ፤ ያልተሰማው ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ከአልጋው አይነሣም። ነገር ግን ምስጢራዊ፣ ዘላለማዊ፣ ጥልቅ የሚሉት ቃላት የሚሰይሙት በወንዙ ዳር የሆነውን አይደለም፤ ከሆነው በኋላ በእርስዎ ውስጥ የቀረውን ነው። አንባቢው ግን ከእርስዎ ጋር እዚያ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ የስሜቱ ስም ብቻ ይደርሰዋል እንጂ ስሜቱ አይደርሰውም። እስቲ እንዲህ ይፈትኑት፦ «ወንዙ» የሚለውን አውጥተው በቦታው «ተራራው» ወይም «በረሃው» ወይም «ባሕሩ» ብለው ይተኩ። ዓረፍተ ነገሩ አንዳች ነገር ሳይጎድልበት እንደ ነበረው ይቆማል። ጓደኛዎ ወንዙን ያላየችው በዚህ ምክንያት ነው፤ መጀመሪያውኑ ወንዙ በውስጡ አልነበረም። በእንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ላይ ቅጽል መደራረብ ደግሞ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የምንጽፍበት ቋንቋ ራሱ በዚህ ረገድ ከብዙዎቻችን ይልቅ ጠንቃቃ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መንፈስ፣ ነፍስ፣ ነፋስና እስትንፋስ ሁሉም ከአንድ የግእዝ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ሥሩም የሚናገረው ስለ መንፈስ ሳይሆን ስለሚነፍሰው አየር ነው። አድባር የሚለውን ቃል ደግሞ ይመልከቱ። በግእዝ «ደብር» ማለት ተራራ ነው፣ «አድባር» ብዙ ቁጥሩ ነው፤ አማርኛ ግን ቃሉን ተቀብሎ የአንድ ቦታ ጠባቂ መንፈስ መጠሪያ አድርጎታል። ከእኛ በፊት የተናገሩት ሰዎች ወደ ረቂቁ ነገር የደረሱት በሚዳሰሰው በኩል አልፈው ነበር፤ ፊት ላይ የሚነካ ነፋስ ነበራቸው፣ ወደ ላይ የሚታይ ተራራ ነበራቸው፤ መንፈሱ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የምንስተው መንገዱን ዘለን መድረሻውን ለመጻፍ ስንቸኩል ነው።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣ ሰው አለ። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1847 ለሁለት ዓመት ከሁለት ወር በማሳቹሴትስ በዋልደን ኩሬ ዳር፣ ራሱ በሠራት ጎጆ ውስጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1854 ያሳተመው መጽሐፍ ከተፈጥሮ ጋር ስላለ መንፈሳዊ ትስስር በተነገረ ቁጥር ስሙ የሚነሣ ነው። በአካባቢው ኩሬው ወለል የለውም የሚል እምነት ነበረ። ምስጢርን የሚወድ ጸሐፊ ይህን ወሬ ቢያገኝ እንደ ስጦታ ተቀብሎ በላዩ ላይ ገጽ በገጽ ይጽፍበት ነበር። ቶሮ ግን በመሬት ቀያሽነትም ይሠራ የነበረ ሰው ነውና እ.ኤ.አ. በ1846 መጀመሪያ፣ ኩሬው ገና በበረዶ እንደተሸፈነ፣ ኮምፓስ፣ ሰንሰለትና ገመድ ይዞ ወጣ። በዓሣ ማጥመጃ ገመድ ጫፍ ላይ ሰባት መቶ ግራም ያህል የምትመዝን ድንጋይ አስሮ ከመቶ በሚበልጡ ቦታዎች ጥልቀቱን ለካ። ድንጋይዋ ከወለሉ የምትላቀቅበትን ቅጽበት በእጁ ያውቀው ነበር፤ ውሃው ከሥሯ ገብቶ እስኪያግዘው ድረስ ገመዱን ጠንከር አድርጎ መሳብ ነበረበትና። ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 102 ጫማ፣ ማለትም 31 ሜትር ያህል ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምስጢሩ ተገፈፈ ብሎ አላዘነም። እንዲያውም ኩሬው ለምሳሌነት እንዲበቃ ጥልቅና ንጹሕ ሆኖ በመፈጠሩ አመስግኗል። ጥልቅ የሚለው ቃል በእርሱ ገጽ ላይ ክብደት ያለው ድንጋይዋ ታች ስለደረሰች ነው፤ አንባቢው የገመዱን ክብደት በእጁ ከያዘ በኋላ ቃሉን ያለ ማስረጃ እንዲቀበል አይጠየቅም። እርስዎም «ጥልቅ» ብለው ጽፈዋል። ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ፤ ወንዝዎ ምን ያህል ጥልቅ ነው? እስከ ቁርጭምጭሚት ነው ወይስ እስከ ጉልበት? ከየት ተነሥቶ ነው ወደ እርስዎ የሚደርሰው? በዓመቱ ውስጥ እጅግ የሚቀንሰው መቼ ነው? እርስዎ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት ያለው ቁጥቋጦ ስሙ ማን ነው? ይህን የምጠይቅዎ መንፈሳዊውን ነገር ትተው የመስክ ዘገባ እንዲጽፉ አይደለም። ለሦስት ዓመት ያፈቀሩትን ነገር ስሙንና መልኩን ማወቅ የፍቅሩ አካል ስለሆነ ነው።

ስለ ቅደም ተከተልም አንድ ልጨምር። ስኮትላንዳዊቷ ናን ሼፐርድ ዕድሜዋን ሙሉ ስለተመላለሰችባቸው የኬርንጎርም ተራሮች አንድ ቀጭን መጽሐፍ ጽፋለች። የጻፈችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መገባደጃ ነው፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ታተመ። መጽሐፉ አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት። ከከፍታው ሜዳ ይጀምርና ስለ ውሃ፣ ስለ ውርጭና በረዶ፣ ስለ አየርና ብርሃን፣ ስለ ዕፅዋት፣ ስለ ወፎችና እንስሳት፣ በተራሮቹ ሥር ስለሚኖሩ ሰዎች፣ ስለ እንቅልፍና ስለ ስሜት ሕዋሳት ያወራል። «ሕልውና» የሚለው ርዕስ የሚመጣው በመጨረሻው፣ በአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። አንባቢው እዚያ ሲደርስ እግሩ በቀዝቃዛ ምንጭ ውስጥ ገብቷል፣ በተራራው ላይ ተኝቶ ነቅቷል፤ ስለዚህ ጸሐፊዋ ከተራራው ጋር ስለ መሆን በተናገረች ጊዜ የምትለውን ያውቀዋል። የእርስዎ አርባ ገጽ ከአሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ የጀመረ ይመስለኛል። ገጾቹ መጥፎ አይደሉም፤ ቦታቸው ግን ገና አልደረሰም።

አሁን ወደ ደብተሩ ልምጣ። ይህ ጭንቀት እኔንም ደርሶብኛል፤ ሰው ሲደርስበት የሚያስፈራ ነገር ነው። ሰው ደብተር ይዞ ሲወርድ ለመውሰድ ይወርዳል። ዓይኑ የሚያየው ነገር ሁሉ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ የሚል ፍርድ ውስጥ ይገባል፣ ጆሮውም ውሃውን ትቶ የራሱን ዓረፍተ ነገር መስማት ይጀምራል። ወንዙ አልሸሸዎትም፤ እርስዎ ግን ከወንዙ ጋር መቀመጥን ትተው ከጽሑፍዎ ጋር ተቀምጠዋል። ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ደብተሩን ቤት ይተዉት። ሲመለሱ፣ በር ከከፈቱ በኋላ፣ አንዲት መስመር ብቻ ይጻፉ፤ እርሷም ስለ ስሜትዎ ሳይሆን ስለ ወንዙ ትሁን። «ውሃው ከጠፍጣፋው ድንጋይ በሁለት ጣት ዝቅ ብሏል» ከተባለ ለዚያ ቀን በቂ ነው። ምንም ያልሆነበት ቀን ከሆነ «ዛሬ ምንም የለም» ብለው ይጻፉ፤ ምንም የሌለባቸው ቀናት ካልተመዘገቡ ሌሎቹ ቀናት ምን እንደሆኑ አይታወቅም። ቀሪውን ማስታወስ ራሱ ያበጥርልዎታል። ከሳምንት በኋላም የማይለቅዎ ነገር ካለ ሊጻፍ የሚገባው እርሱ ነው።

ይህ ጊዜ የማባከን ምክር እንዳይመስልዎ። ጃፓናዊው ባለቅኔ ማትሱዎ ባሾ እ.ኤ.አ. በ1689 ከአንድ ደቀ መዝሙሩ ጋር ወደ ሰሜን ወጥቶ አምስት ወር ያህል፣ ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጓዘ። ከዚያ ጉዞ የወጣው መጽሐፍ በአንድ ቀን ተነብቦ የሚያልቅ ነው፤ እርሱ ግን በላዩ ላይ ሠርቶ የጨረሰው ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሞተበት በ1694 ነበር። ደቀ መዛሙርቱ መዝግበው ካቆዩት ትምህርቱ አንዱ፣ ስለ ጥድ መማር የሚሻ ወደ ጥዱ ይሂድ፣ ስለ ቀርከሃ መማር የሚሻ ወደ ቀርከሃው ይሂድ፣ ሲሄድም የራሱን ሐሳብ ወደ ኋላ ይተው የሚል ነው። ባሾ ብቸኛ ተጓዥ ብቻ እንዳልነበረም ልብ ይበሉ። በየደረሰበት ከአስተናጋጆቹ ጋር ተቀምጦ አንዱ የጀመረውን ግጥም ሌላው እየተቀበለ በጋራ ይቀኙ ነበር፤ ከቦታው ጋር የተዋወቀው በቦታው ሰዎች አፍም ጭምር ነው።

እንግዲህ ወደ ሽማግሌው። ስለ እርሳቸው የጻፏቸውን መስመሮች ደጋግሜ ሳነብ በጉጉት ተያዝኩ። የእኔን ግምት ልንገርዎ፤ ግምት እንደሆነም አይርሱ። በዚያ ሌሊት ከላይኛው አገር ዝናብ ጥሎ ይሆናል፤ እርስዎ ተኝተው ሳለ ወንዙ ሞልቶ፣ እርስዎ ከመንቃትዎ በፊት መልሶ ጎድሎ ይሆናል። ሽማግሌው በጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ከውሃው በላይ ገና ያልደረቀውን የእርጥበት መስመር አይተዋል፤ በዳሩ ያለው ሣር ወደ ታች ተኝቶ ደቃቅ ጭቃ ለብሶ አይተዋል፤ ከመሻገሪያው ድንጋዮች አንዱ ከቦታው ተነቅሎ አግኝተዋል። ይህን ሁሉ ያነበቡት እርስዎ «እንደምን አደሩ» ለማለት በወሰደብዎ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያም «ውሃው ጨምሮ ነበር» አላሉም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ስላደረ የቤት ሰው በሚነገርበት ቃል ተናገሩ። በዚያ ንግግር ውስጥ እውቀቱና ዝምድናው አልተለያዩም፤ የትኛው ቃል የእውቀት፣ የትኛው ቃል የፍቅር እንደሆነ ቢጠየቁ መለየት አይችሉም። እርስዎ መንፈሳዊ ትስስር ብለው የሚፈልጉት ነገር ከሦስት ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ አነጋግሮዎታል።

ስለዚህ ሄደው ይጠይቋቸው። ነገር ግን «ወንዙ ለእርስዎ ምንድን ነው?» ብለው አይጠይቋቸው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የተጠየቀ ሰው ሊመልሰው ስለማይችል ጠያቂውን የሚያስደስት ነገር ይናገራል። «ወንዙ እንዳልተኛ በምን አወቁ?» ይበሏቸው። ድንጋዩን ስንት ዓመት ሲመልሱ እንደኖሩ፣ ከእርሳቸው በፊት ማን ይመልሰው እንደነበረ፣ ባይመልሱት ማን እንደሚሰናከል ይጠይቋቸው። ለትንሽ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ብዙ ጊዜ ትልቁን ነገር ይዞት ይመጣል።

እውቀትና ቅድስና በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚመስሉ ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ አሳይታለች። ልጅ ሳለች እናቷ ማገዶ ስትልካት በቤታቸው አቅራቢያ ካለው ትልቅ የሾላ ዝርያ ዛፍ ሥር ቅርንጫፍ እንዳትለቅም ከልክለዋት ነበር፤ የእግዚአብሔር ዛፍ ነውና። ከዛፉ አጠገብ ምንጭ ይፈልቅ ነበር፤ ልጅቷም በጅረቱ ውስጥ በእንቁራሪት እንቁላሎችና ግልገሎች ትጫወት ነበር። ኋላ ሥነ ሕይወት ተምራ ስትመለስ፣ የዛፉ ሥር ዓለቱን ሰንጥቆ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ስለሚወርድ ውሃው በዚያ በኩል እየወጣ እንደሚፈልቅ ተረዳች። ዛፉ ግን ለሻይ ተክል ቦታ ሲባል ተቆርጦ ነበር፤ ጅረቱም ደርቆ ነበር። የእናትየው አንድ አጭር ክልከላ ለትውልድ ያህል ምንጩን ሲጠብቅ ኖሯል ማለት ነው። ማታይ እ.ኤ.አ. በ1977 ለጀመረችው የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄና እ.ኤ.አ. በ2004 ለተቀበለችው የኖቤል የሰላም ሽልማት ዓለም ያውቃታል፤ እኔ ግን እንደ ጸሐፊ ዘወትር የምመለሰው ወደ ዛፉና ወደ እንቁራሪቶቹ ነው፤ «ቅዱስ» የሚለውን ቃል ያለ ማብራሪያ ያስረዱኛልና።

ጎረቤትዎ ባነሡት ጥያቄ ላይ እንግዲህ ልነጋገር። ቃሉ እንደ ስድብ ተሰምቶዎት ከሆነ እንደገና ያዳምጡት። አማርኛ የአንድ አካባቢ ሰዎችን የሚያስተሳስርበት ስም «የወንዜ ልጅ» ነው፤ በአባት ወይም በስም ሳይሆን በውሃው ነው የሚያዛምዳቸው። እኒያ ሴት የጠየቁዎት ስለ ትውልድ ቦታዎ ብቻ አይመስለኝም። ወንዙ ሲሞላ የማንን ልጅ እንደወሰደ፣ ሲደርቅ ማን ከየት ይቀዳ እንደነበረ፣ መሻገሪያው በማን ስም እንደሚጠራ ያውቁ እንደሆነ ነው የጠየቁዎት። እኔ የመጻፍ መብት ከመወለድ ብቻ ይመጣል ብዬ አላምንም፤ እዚያው ተወልዶ አንድም ቀን ቀና ብሎ ሳያይ የሚጽፍ ሰው አለ። ነገር ግን መብቱ በመቀመጥ ብቻም አይገኝም። በጻፉት ነገር በቦታው ሰዎች ፊት ቀርበው ሊጠየቁ ፈቃደኛ ሲሆኑ ያን ጊዜ መብቱ መምጣት ይጀምራል። ስድስት ዓመት እዚያ ኖረው፣ በላኩልኝ ገጽ ላይ አንድም የሰው ስም፣ አንድም የቦታ ስም አላየሁም። ጎረቤትዎ ያላነበቡትን ጽሑፍ ጉድለት በትክክል ነግረውዎታል።

በስም ይጀምሩ። ኪት ባሶ የተባለው የሥነ ሰብ ተመራማሪ በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ አፓቺ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች በሚኖሩባት ሲቤክዩ በምትባል መንደር ለብዙ ዓመታት ሲመላለስ ኖሯል። የማኅበረሰቡ መሪ የነጮችን ካርታ ትቶ የእነርሱን ካርታ እንዲሠራ ስለጠየቁት፣ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ከአካባቢው ሰዎች ጋር በፈረስና በእግር እየዞረ የቦታ ስሞችን መዘገበ። ስሞቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያህሉ ናቸው፤ «ነጫጭ ዓለቶች ተጠጋግተው ከላይ ተቀምጠዋል» የሚባል ቦታ አለ። በእያንዳንዱ ስም ሥር አንድ ሰው ሲሳሳት ወይም ሲድን የሚናገር ታሪክ አለ፤ ቦታውን በስሙ መጥራት ብቻውን ያዘነን ሰው ያጽናና፣ ያጠፋን ሰው ይገሥጽ ነበር። ባሶ ያንን ያገኘው ስሞቹን አጥርቶ መጥራት እስኪችል ድረስ ደጋግሞ እየታረመ ነው። እርስዎም ጎረቤትዎን የወንዙን ጠምዘዝ፣ መሻገሪያውን፣ ጠፍጣፋውን ድንጋይ ማን ብለው እንደሚጠሩት ይጠይቋቸው፤ ሲሳሳቱም ይታረሙ። ቶሮ እንኳ፣ በብቸኝነት የሚታወቀው ሰው፣ በዚያ ጫካ ከእርሱ በፊት ለኖሩት ሰዎች አንድ ምዕራፍ ለይቶላቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል ከባርነት ነፃ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ፤ ጎጇቸው ፈርሶ ጓዳቸው ጉድጓድ ብቻ ሆኖ የቀረውን በስማቸው ጠርቷቸዋል።

ከራሴም አንድ ልንገርዎ። ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ አንድ ትልቅ ዛፍ ጽፌ «ትውልዶችን ሲያሳልፍ የኖረ ምስክር» ብዬው ነበር። ጽሑፉን በአካባቢው ለተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ሳነብ አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው፣ ዛፉን የመጀመሪያ ልጃቸው በተወለደ ዓመት ባለቤታቸው እንደተከለው ተናገሩ። ከስብሰባው በኋላ ወስደው ግንዱን አሳዩኝ። በደረቴ ትክክል አንድ ሽቦ ከቅርፊቱ ውስጥ ወጥቶ ጣት በሚያህል ርዝመት ቀርቷል፤ የልብስ ማስጫ ሽቦ ነበር፤ ዛፉ እየወፈረ ሄዶ ውጦታል። ልጁ በዚያን ጊዜ አድጎ ርቆ ይኖር ነበር፤ እናትየው ሲናገሩ እጃቸውን ከሽቦው ላይ አላነሡም። እኔ በዛፉ ፊት ለወራት ተመላልሼ ያንን ሽቦ አላየሁትም ነበር። በጣም አፈርኩ፤ ነገር ግን ጽሑፉ የተጻፈው ከዚያ ቀን በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ፤ ጠንከር አድርጌም እናገረዋለሁ። የሰሙት ሁሉ የሚጻፍ አይደለም። ሰው ለእግዚአብሔሩ በወንዙ ዳር የሚናገረው ቃል፣ ለእርስዎ በእምነት የተነገረ የቤተሰብ ሐዘን፣ እንዲታወቅ የማይፈልጉት ቦታ ካለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ምንም ያህል ቢያምርዎ ይተዉት። መጠየቅ ያሳፍራል ብለው ሳይጠይቁ አይጻፉ። ፈቃድ የነፈገዎት ሰው ካለ ደግሞ «አንድ ነገር ነግረውኝ ነበር፤ እንዳልጽፈው ጠይቀውኛል» ማለት ራሱ ስለ ቦታው ብዙ ይናገራል።

ላስቲኩን በሚመለከት ረጅም ነገር አልናገርም፤ ያስገቡት። ስንት እንደሆነ ይቁጠሩ፣ ቀለሙን ይጻፉ፣ ውሃው ሲያናውጠው የሚያሰማውን ድምፅ ይጻፉ። ምናልባት አንዳንዱን ከጠምዘዙ ላይ አንሥተው ሊጥሉም ይችላሉ፤ ሽማግሌው ድንጋዩን እንደሚመልሱት ሁሉ። ያን ጊዜ ስለ ወንዙ ብቻ ሳይሆን ከወንዙ ጋር ስላደረጉት ነገር የሚጽፉት ይኖርዎታል።

አርባውን ገጽ አይቅደዱት። በፖስታ ውስጥ አድርገው ያስቀምጡትና ሁለቱ ወር ሲያልፍ ከመካከሉ ወንዙን ካወጡት የሚፈርሱትን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይልቀሙ፤ አምስት ካገኙ ብዙ ነው። አዲሱን ጽሑፍ «ዛሬ ሌሊት ወንዙ አልተኛም» ከሚለው ይጀምሩት፤ ሽማግሌው የሰጡዎትን መልስም እንደተናገሩት አድርገው ያስከትሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ሲጨርሱ ለጓደኛዎ ከማሳየትዎ በፊት እዚያው በወንዙ ዳር ለሽማግሌውና ለጎረቤትዎ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው። ከዚያም ይጻፉልኝ፤ በተለይ የት ቦታ ላይ እንዳቋረጡዎት ማወቅ እፈልጋለሁ።